አስር ቀን ተኩል

የጉግሳን ጨጓራ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። በባቡሩ ወርክሾፕ ሃያ ስድስት ዓመት ብረት ሲሞርድ የኖረ፣ መዳፉ እንደ ጫማ ሶል የደደረ ሰው፣ በአንድ ጉርሻ ወጥ ተሸንፎ ሆዱን ይዞ ሲጎብጥ ማየት ያሳዝናል፤ እግዜር ይቅር ይበለንና ያስቃልም። በርበሬ ተወ። ቡና ተወ። ጠላውንም ተወ። ጨጓራው ግን እሱን አልተወውም። ሚስቱ ወይዘሮ ተሻለች ጎረቤት እየሰማ፣ «ይሄ ሰውዬ እኮ የቆረበው ከኔ ጋር አይደለም፤ ከጨጓራው ጋር ነው» ትል ነበር።

ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ሌላ ባለ ጨጓራ ነበር፤ ወዳጁ ሰማታር። ሩዝና ሳሙና የሚሸጥባት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ወዳጅነታቸው ከጦርነቱ ክረምት ይጀምራል። ያኔ የሱማሌ ጦር ከተማዋ ጠርዝ ደርሶ ተመልሶ፣ ሱማሌኛ የተናገረ ሁሉ በጎሪጥ ሲታይ፣ ሰማታርን ከሱቁ አንስተው ወስደው አሰሩት። ጉግሳ ወሬውን እንደሰማ ቅባት የጠጣ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ሄደና ዋስ ሆኖ ፈረመለት። እስከዚያ ቀን ድረስ በሳሙና ዋጋ ከመጨቃጨቅ በቀር ሌላ ትውውቅ አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ማንም ያልጻፈው ሕግ ቆመ። በጉግሳ ቀበሌ የራሽን ስኳር መጥቶ በሰማታር ቀበሌ ከቀረ፣ ስኳሩ አሸዋውን ተሻግሮ ለሁለት ይከፈላል። በሰማታር በኩል ዘይት ከወጣ፣ ዘይቱ ወደ ከዚራ ይመጣል። አንዱ ሁለት ኪሎ፣ አንዱ ባዶ ሆነው ያደሩበት ቀን የለም። ይህ ደግ ልማድ ነው፤ ልጆቼ፣ ማንም አይሳቅበት። ያሳፈራቸው ግን ይኸው ደግ ልማድ ነው።

ሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ላይ፣ የልብስ ሰፊው የአው አብዲቃድር ልጅ ሸፊቃ ውጭ አገር ተምራ ዶክተር ሆና ተመለሰች። ከገበያው ጀርባ በነበረች አንዲት ክሊኒክ ተመደበች። ጫፉ ላይ መብራት ያለው ረጅም ጥቁር ቱቦ ይዛ መጥታ ነበር፤ በሽተኛው ያንን ይውጥና እሷ በላይኛው ጫፍ በኩል ጨጓራውን ታያለች። ከጨጓራው ቅንጣት ቆንጥራ ቢጫ ውኃ ያለባት ብልቃጥ ውስጥ ትጨምራለች። ውኃው ቢጫ ሆኖ ከቀረ ደህና ነው። ወደ ቀይ ከተለወጠ በሽታው አለ።

ጉግሳም ሰማታርም ዋጡት። የሁለቱም ቀላ።

«ያንን ቱቦ እኮ ለባቡሩ ቦይለር ብንሰጠው ይሻል ነበር» አለ ጉግሳ፣ እንባውን እየጠረገ።

የሁለቱን ጨምሮ የሃያ አራት ሰው ብልቃጥ ቀላ። ዶክተር ሸፊቃ ሃያ አራቱንም አንድ ጠዋት ሰብስባ ክሊኒኩ በረንዳ ላይ፣ በአግዳሚ ወንበሮች ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ጨጓራችሁን የሚያቃጥለው በርበሬ ብቻ አይደለም፤ ንዴትም ብቻ አይደለም» አለች። «በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። እዚያ ጨጓራችሁ ውስጥ ቤት ሠርቶ ይኖራል።»

«ኪራይ የሚከፍለው ለቀበሌ ነው?» አለ ሰማታር።

በረንዳው በሳቅ ሞላ። ከገንደ ቆሬ ሰፈር ወተት እያመላለሰች የምትሸጠው ዳሃቦ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ «አቦ አታስቀኝ፣ ያመኛል!» አለች።

ዶክተሯም ሳቀችና ቀጠለች። መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ አብሮ ይወሰዳል። እሷ የማታውቀው አንድ ነገር ቀርቷል፤ ስንት ቀን ይወሰድ? ሰባት ቀን ይበቃል የሚሉ ሐኪሞች አሉ። የለም፣ አሥራ አራት ቀን ካልሆነ አይነቀልም የሚሉም አሉ።

«ቁም ሳጥኔ ውስጥ ያለው መድኃኒት ትንሽ ነው» አለች። «ሰባት ቀን ከበቃ፣ በዚያው መድኃኒት እጥፍ ሰው አድናለሁ። ካልበቃ ግን፣ ተመትቶ ያልሞተው ተሕዋስ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ሁለተኛ ብንሰጠውም አይነካውም። ስለዚህ ግማሾቻችሁ ሰባት ቀን፣ ግማሾቻችሁ አሥራ አራት ቀን ትወስዳላችሁ። ከጨረሳችሁ ከወር በኋላ ቱቦውን ትውጡልኛላችሁ።»

ማን ሰባት፣ ማን አሥራ አራት እንደሚወስድ እንድትመርጥ ሲጠይቋት እምቢ አለች። «እኔ ከመረጥኩ ለማዝንለት ሰው አበዛለሁ።» ከአባቷ ሱቅ ያመጣችውን የቁልፍ ቆርቆሮ አወጣች። አሥራ ሁለት ነጭ፣ አሥራ ሁለት ጥቁር የሸሚዝ ቁልፍ አለበት። እጅ ገብቶ ሳይታይ ያወጣል። ነጭ ሰባት ቀን ነው፤ ጥቁር አሥራ አራት።

ዳሃቦ ጥቁር አወጣች። ጉግሳም ጥቁር። ሰማታር ነጭ።

«ከታዘዘላችሁ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፤ ለማንም አትስጡ» አለች ዶክተር ሸፊቃ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ የወረቀት ጥቅል ነበር፤ ጉግሳ አሥራ አራት ጥቅል በመሐረብ ቋጥሮ ወጣ፣ ሰማታር ሰባቱን ኪሱ ከተተ።

በመንገድ ላይ ሰማታር እንደ ልማዱ ይቀልዳል፤ ጉግሳን ግን ያ ቋጠሮ ብብቱ ስር ከበደው። የሰው ድርሻ ሰርቆ የሚሄድ መሰለው። ዋስ የሆነለት ሰው ሰባት፣ እሱ አሥራ አራት! መጋላ ሲደርሱ ወደ ቤቱ አልታጠፈም፤ ሰማታርን ተከትሎ ሱቁ ገባና መሐረቡን ባንኮው ላይ ፈታው።

«ያንተንም አውጣ።»

«ወሪያ ጉግሳ፣ ሴትዮዋ ምን አለች? አትጨምሩ አትቀንሱ አላለችም?»

«ብላለች። ታዲያ እኔ ስበላ አንተ ልታየኝ ነው? ሰባት ቀን ካልበቃስ? አንተ ታመህ እኔ ድኜ፣ ሚስትህን ሃዎን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ሰማታር ጢሙን አሻሸ። አንድ ጊዜ እምቢ ማለት ወግ ነው፤ ብሎታል። ኪሱን ገለበጠ።

«ሃያ አንድ ነው» አለ፣ በነጋዴ ጣቱ አንድ ጊዜ ገፋ አድርጎ። «አስር ላንተ፣ አስር ለኔ። ይቺ አንዷስ?»

«ሚዛኑን አምጣው።»

አንዷን ጥቅል ፈቱና በስኳር ሚዛኑ ሳህን ላይ ክኒኖቹን ለሁለት ከፈሏቸው። አስር ቀን ተኩል፣ አስር ቀን ተኩል። ጉግሳ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቀልሎት ነበር። ዶክተሯ አንድ ነገር እየጠየቀቻቸው እንደነበረ ረሱ፤ መልሱ እነሱው እንደሆኑም ልብ አላሉም። የራሽን ስኳር ነው የመሰላቸው።

መድኃኒቱ መራራ ነበር፤ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል። «ሞረዴን የላስኩ መሰለኝ» ይል ነበር ጉግሳ። እንደ ጠመኔ የሚታኘከው ክኒን ደግሞ ምላስን ያጠቁራል፤ እንደ ከሰል ያጠቁራል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ አንድ ጊዜ ሊገለጥ ደርሶ የነበረው። በዘጠነኛው ቀን ዶክተር ሸፊቃ ሩዝ ልትገዛ ሰማታር ሱቅ ጎራ አለች። ሰማታር በሰባተኛው ቀን መጨረስ ነበረበት፤ ምላሱ ግን ገና ጥቁር ነው። ከአሸዋው ማዶ የሚሰማ አፍ ያለው ሰው በድንገት ዲዳ ሆነ። ከንፈሩን ገጥሞ ሩዙን ይሰፍራል፣ በጣቱ ዋጋ ያሳያል።

«ምነው ሰማታር፣ ተቀየምከኝ?»

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ሚስቱ ሃዎ ከጓዳ ብቅ አለች። ሁሉንም ታውቃለች። «ጥርሱን አሞት ነው ዶክተር» አለች። ዶክተሯ እንደወጣች ዞራ፣ «ወላሂ፣ ሃያ ዓመት ዝም በል ብዬህ እምቢ ያልከውን፣ ክኒኑ አስቻለህ!» አለችው።

ይህን ለጉግሳ ሲነግሩት ሦስቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ኋላ ላይ ጉግሳ ያንን ሳቅ ባስታወሰ ቁጥር ጆሮው ይግል ነበር።

ወሩ ደረሰ። ቱቦው ተዋጠ። ሐሙስ ቀን ውጤት ሊሰሙ በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ። የሰማታር ብልቃጥ ቢጫ ነው። የጉግሳ ቀይ።

ልጆቼ፣ ያን ጊዜ በጉግሳ ልብ ውስጥ ያለፈውን እሱ ለማንም መናገር አይፈልግም ነበር። ሰማታር «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ሲያቅፈው፣ አንዲት አፍታ፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል፣ *በኔ መድኃኒት* የሚል ሐሳብ ብልጭ አለበት። ባልሰጠሁት ኖሮ። ወዲያው ደነገጠ። ዋስ ሲሆንለት አንድም ቀን ያልቆጨው ሰው፣ በሦስት ቀን ተኩል ክኒን ቆጨው። የመጀመሪያው ውርደቱ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ቶሎ ተከተለ። ዶክተር ሸፊቃ ከሰው ሁሉ ፊት መጥታ አጠገቡ ጎንበስ አለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ ጉግሳ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ እርስዎን ማዳን ያቃተኝ እኔ ነኝ።» ከዚያ ቀና ብላ ለሌሎቹ፣ «እንደ ጋሼ ጉግሳ ሰዓቱን ጠብቆ የወሰደ የለም። ባለቤቱን ጠይቄያለሁ፤ በወርክሾፑ ደወል ነበር የሚውጠው» አለች።

እውነት ነው፤ በደወል ነበር የሚውጠው፤ እስከ አስር ቀን ተኩል። ጉግሳ ባርኔጣውን እያጣጠፈ መሬት መሬቱን አየ። ሰው ትሕትና መሰለው።

«ደስ የሚል ነገር ደግሞ ልንገራችሁ» አለች ዶክተሯ፣ ደብተሯን ገልጣ። «ሰባት ቀን ከወሰዱት ከአሥራ ሁለቱ አስሩ ድነዋል። አሥራ አራት ቀን ከወሰዱትም ከአሥራ ሁለቱ አስሩ። እኩል ነው! ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ለሚመጣው ሁሉ ሰባት ሰባት ቀን እሰጣለሁ። መድኃኒቱ ለብዙ ሰው ይደርሳል።»

በረንዳው አጨበጨበ። ሰማታርም ሊያጨበጭብ እጁን አንስቶ፣ የጉግሳን ፊት ሲያይ መልሶ አወረደው።

ከክሊኒኩ ወጥተው ሰማታር ሱቅ ሲቀመጡ ጉግሳ ነው የጀመረው።

«አንተ ሰባት አልወሰድክም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም አሥራ አራት አልወሰድኩም። የደብተሯ አስርና አስር ውሸት ነው። ሰኞ በኛ ውሸት ለሰው መድኃኒት ልትቆርስ ነው። ካልበቃቸውስ? ተሕዋሱ ይለምደዋል አላለችም?»

«አቦ ተወና! ከሃያ አራት ሰው ሁለት ሰው ምንድን ነው?»

«ሄጄ እነግራታለሁ።»

ሰማታር ከበርጩማው ተነሳ። ፊቱ ላይ የነበረው ቀልድ ሁሉ ረገፈ። «ምን ብለህ? ስማኝ፣ አንተ ብትናገር ተሳስቶ ነው ይሉሃል፤ የባቡር ሰው ነህ። እኔን ምን ይሉኛል? የመንግሥት መድኃኒት አሻጥር! የት ነበርክ፣ ከማን ጋር ነበርክ፣ ይሉኛል። አንድ ጊዜ ፈርመህ አወጣኸኝ። አሁን በአፍህ ልትመልሰኝ ነው?»

«ያንተን ስም አላነሳም።»

«አንተ ብቻህን ልትጸድቅ ነዋ! ሂድ፣ ጽደቅ!»

ጉግሳ ወጣ። ዓርብ ሥራ ላይ ዋለ፤ አንድ ብሎን ሁለት ጊዜ ሞርዶ አበላሸ፣ በሥራው እንዲህ ያለ ነገር ከተለማማጅነቱ ወዲህ ደርሶበት አያውቅም። ቤት ገብቶም እራቱን ገፋ አደረገው። ተሻለች ጨጓራው መሰላት። «ጨጓራዬ አይደለም» አላት፤ ሌላ አልነገራትም።

ቅዳሜ ጠዋት ክሊኒኩ ገና ሲከፈት ዶክተሯ ጠረጴዛ ፊት ቆመ። ይቀመጡ ብትለው አልተቀመጠም።

«አሥራ አራቱን ቀን አልወሰድኩም፣ ዶክተር። አስር ቀን ተኩል ነው የወሰድኩት። የቀረውን ለሰው ሰጠሁ። ሰባት ቀን ለደረሰው ሰው።»

ሸፊቃ ብዕሯን አስቀመጠች። «ለማን?»

ጉግሳ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ጋሼ ጉግሳ፣ ለማን?»

«እሱን አይጠይቁኝ፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያስገደድኩት።»

«ካልነገሩኝ የትኛውን ስም እንደምሰርዝ አላውቅም። ሰባት ቀን የወሰዱትን አሥራ ሁለቱንም መሰረዝ አለብኝ። ከስምንት ወር በፊት የጀመርኩት ሥራ ነው።»

ጉግሳ ባርኔጣውን አውልቆ ጨመደደው። ይህን ጊዜ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«ስሜ ሰማታር ይባላል። እሱ ሲፈራ ይረሳዋል።»

ሰማታር በሩን ተደግፎ ቆሟል። የጁምዓ ሸሚዙን ቅዳሜ ለብሶታል። ወደ ጉግሳ አላየም። «ያን ቀን ሩዝ ስሸጥልሽ ጥርሴን አሞኝ አልነበረም፣ ሸፊቃ» አለ። «ምላሴ ጥቁር ነበር።»

ዶክተሯ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ብትቆጣቸው፣ ብትጮህባቸው ይቀላቸው ነበር። ደብተሯን ገልጣ በማስመሪያ ሁለት መስመር አሰመረች፤ አንዱን በሰማታር ስም ላይ፣ አንዱን በጉግሳ።

«አሁን ሰባት ቀን ከወሰዱት ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ድነዋል። አሥራ አራት ከወሰዱት ከአሥራ አንዱ አስሩ።»

«ታዲያ ምን ይላል አሁን?» አለ ጉግሳ።

«አሁንማ ምንም አይልም። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ልዩነቱም ትንሽ ነው።» ቀና አለች። «አባቴን ታውቁታላችሁ። ልብስ ሲሰፋ መቀሱን ብናነሳ አይቆጣም ነበር፤ ሜትሩን ከነካን ግን ወዮልን። ሜትር ከተቆረጠ የሚሰፋው ሁሉ ይጠባል ይል ነበር። እናንተ የቆረጣችሁብኝ ሜትሩን ነው።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ አንዱ በባርኔጣው አንዱ በኮፍያው እየተጫወቱ፣ እንደ ተማሪ ቆሙ።

«እኔስ እድን ነበር ይሆን፣ አሥራ አራቱን ብጨርሰው ኖሮ?» አለ ጉግሳ ቀስ ብሎ።

«አላውቅም፣ ጋሼ። እሱን ነበር ላውቅ የፈለግኩት።» ከዚያ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ሌላስ የተካፈለ ሰው አለ?» አለች።

ሁለቱም ከተማቸውን ያውቃሉ። ብቻውን ዳቦ የሚበላ ሰው በሌለበት ሰፈር፣ ብቻውን ክኒን የሚውጥ ስንት ይገኛል?

«ጠርቼ ብጠይቃቸውስ?» አለች።

«አይነግሩዎትም» አለ ጉግሳ። «በደንብ ወሰድን ይላሉ። ያፍራሉ፤ ይፈራሉም። እኔም በዚያ በረንዳ ላይ ሲያመሰግኑኝ ዝም ብዬ ሰምቻለሁ።» ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ስማቸውን ይስጡኝ። እኔ በየቤታቸው ልሂድ። መጀመሪያ የኔን እነግራቸዋለሁ። አንድ ሰው ቀድሞ ካፈረ ሌላው አይከብደውም።»

ሸፊቃ የሃያ ሁለት ሰው ስም በወረቀት ጻፈችለት። ሰኞ ለማንም ሰባት ቀን እንደማትሰጥ፣ ቁም ሳጥኑን ቆልፋ እንደምትጠብቃቸውም ነገረቻቸው። አሻጥር የሚል ቃል አላነሳችም። ሰማታር እየወጣ ዞሮ፣ «ሸፊቃ፣ ቀበሌ...» ሲል፣ «ይሄ ደብተር የኔ ነው፤ የቀበሌ አይደለም» አለችው።

ውጭ ፀሐዩ ገና በሦስት ሰዓቱ አስፋልቱን ማለስለስ ጀምሯል። ጥቂት እንደሄዱ ጉግሳ፣ «አትመጣም ብዬ ነበር» አለ።

«እኔም» አለ ሰማታር። «ሃዎ ናት። ሸሚዙን ተኩሳ ሰቅላ ጠበቀችኝ። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እሷ ዝም ስትል ደግሞ ታውቃለህ።»

መጀመሪያ የሄዱት ገንደ ቆሬ፣ ዳሃቦ ቤት ነው። ግቢዋ ውስጥ ጎንበስ ብላ የወተት ጀሪካን ታጥባለች። ስታያቸው ደስ አላት። ድናለች፤ ብልቃጣቸው ቢጫ ከሆነላቸው አንዷ እሷ ናት።

«ጉግሳ! አንተ ምስኪን፣ ያንተ ቀላ አይደል? አይዞህ።»

ሰማታር በሱማሌኛ ሊጀምርላት ሲል ጉግሳ እጁን ይዞ አስቆመው። «እኔ ልናገር። አማርኛ ትሰማለች።»

ተናገረ። ቁልፉን፣ መሐረቡን፣ የስኳሩን ሚዛን፣ አስር ቀን ተኩሉን፣ በረንዳ ላይ ሲያመሰግኑት ዝም ማለቱን። ሊያስቀረው ያሰበውን እንኳ፣ ወዳጁ ሲድን የቆጨውን፣ ሳያስበው አብሮ ወጣ። ሰማታር ይህን የሰማው ገና አሁን ነበር። ፊቱን ወደ አጥሩ መለሰ፤ ከዚያ እጁን አምጥቶ የጉግሳ ትከሻ ላይ ጣለው። ከባድ እጅ ነበር፤ እዚያው ቆየ።

ዳሃቦ ማጠቧን አቁማለች። ውኃው ከጀሪካኑ አፍ በእግሯ ላይ ይፈስሳል፤ አላስተዋለችውም።

«አንቺን ልንከስሽ አልመጣንም» አለ ጉግሳ። «ያንን ደብተር ያበላሸነው እኛ ነን። እንድናቃናው እርጂን።»

ዳሃቦ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ቤት ገባች። ቆየች። ስትወጣ በሻሿ ጫፍ የተቋጠረች ትንሽ ነገር ይዛለች። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። አራት የወረቀት ጥቅል ነበር፣ ጠርዙ በላብ የረገበ።

«ለልጄ ነው» አለች ዓይኗን ሳታነሳ። «እሷም ያማታል። እኔ በአሥረኛው ቀን ሲሻለኝ፣ ለሷ አስቀመጥኩ።»

ጉግሳ ከጀሪካኑ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሷም ተቀመጠች። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ፤ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ ከስሟ ጎን አስር ብሎ ጻፈ። የጽሕፈት ሰው አልነበረምና ፊደሉ ተንጋደደ።

«ልጅሽን ሰኞ ይዘሻት ነይ» አላት። «እኔ አብሬሽ እገባለሁ። ቱቦው ያስፈራል።»

ሰማታር በጉግሳ ትከሻ ላይ ወረቀቱን አጮልቆ ቆጠረ።

«ሃያ አንድ በር ቀረን» አለ።